መጀመሪያ ቱምቢው፣ ከዚያ ቁልፉ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ለሁለት መኪና በተሠራ ጋራዥ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሙሉ ቅዳሜ አባክነናል። እሱ አርቪ-7 የምትባለውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እየገጣጠመ ነበር። የግራው ኤለሮን ከፍላፑ ጋር ሲተያይ የኋላ ጠርዙ አራት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ታየን። የፑሽሮዱን ጫፍ ሁለት ዙር ፈታን፤ ገጠመ። ደስ ብሎን ወደ ቀኝ ስንዞር ስቲኩ መሃል አልቆም አለ። ስቲኩን ስናቃና ግራው ተመልሶ ተበላሸ። እንዲህ ስንዞር መሸ። ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ቀጥ ያለ የአልሙኒየም መስመሪያ ክንፉ ላይ ስናስደግፍ ጉዱ ወጣ፤ ኤለሮኑ ጠዋትም ልክ ነበር። የተዛባው ፍላፑ ነው። ቀኑን ሙሉ ጤነኛውን ስናክም ውለናል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ቁልፍ በማንሳት አይጀምርም። ኤለሮን፣ ኤሌቬተርና ረደር እርስ በርስ እየተያዩ አይስተካከሉም፤ ሁሉም ከአንድ መነሻ መስመር ይለካሉ። መነሻው ከሌለ አንዱን ባረማችሁ ቁጥር ሌላውን ታበላሻላችሁ። ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይመጣል፦ በመጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ክንፉ፣ ከዚያ ጅራቱ፣ ከዚያ መሪ ክፍሎቹ፣ በመጨረሻ ገመዱና ፑሽሮዱ።

የምሰጣቸው ቁጥሮች በብዛት የአርቪ-7 ናቸው። የቫንስ ኩባንያ ከኦሪገን የሚልካቸው ኪቶች ቤት ውስጥ ተገጣጥመው ከ11,000 በላይ አውሮፕላኖች ስለበረሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የእናንተ አውሮፕላን ሌላ ኪት ወይም እንጨትና ጨርቅ ከሆነ ግን ቁጥሩን ከራሱ ፕላን ውሰዱ። የሌላ አውሮፕላን ልክ ይዞ መሥራት በጎረቤት መነጽር እንደማንበብ ነው።

አካሉና ክንፉ

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም፤ አራት ቱምቢ፣ ሲባጎ፣ ዲጂታል ውሃ ልክ፣ የብረት ሜትር፣ ቀጥ ያለ ረጅም መስመሪያና በርከት ያለ ማጣበቂያ ሞርሳ። ሜትሩ ከብረት ይሁን፤ የጨርቁ ይለጠጣል። ውሃ ልኩን ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት። አንድ ቦታ አስቀምጡና አንብቡ፤ ከዚያ ፊቱን አዙራችሁ እዚያው ቦታ ላይ መልሱት። ሁለቱ ንባቦች ካልተስማሙ የዋሸው መሣሪያው ነው፣ አውሮፕላኑ አይደለም።

የጋራዡን በር ዝጉ። ነፋስ ሲባጎውን ያወዛውዘዋል፤ ከዚያም በላይ በአንድ ወገን የገባ ፀሐይ የአልሙኒየም ላሜራውን አሙቆ ይለጥጠዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ልኬት ማለዳ እወዳለሁ። ቱምቢው አልረጋ ካላችሁ ጫፉን አሮጌ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ንከሩት፤ ወዲያው ይቆማል።

አካሉን ፕላኑ በሚያዘው ቦታ ላይ በርዝመትም በወርድም አስተኙት፤ በየግማሽ ሰዓቱም ተመልሳችሁ ለኩት። አንድ ሰው ተደግፎት ካለፈ ልኩ ሄዷል ማለት ነው።

ከክንፉ ፊት ጠርዝ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት፣ በድምሩ አራት ቱምቢ አውርዱ። ከሥራቸው አንድ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሩ። አራቱም ሲባጎውን እኩል የሚነኩ ከሆነ ክንፎቹ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አላጋደሉም። ማረጋገጫው ሦስት ማዕዘኑ ነው። ከጅራቱ መሃል ነጥብ እስከ ግራው ክንፍ ጫፍ ያለ አንድ ሪቬት፣ ከዚያም እስከ ቀኙ ክንፍ ያ ሪቬት ድረስ ለኩ። ሜትሩን ሁለቱንም ጊዜ በእኩል ጉልበት ሳቡ፤ የዓሣ ሚዛን ጫፉ ላይ ብታስሩ ክርክር አይኖርም።

ቀጥሎ የክንፉ ተዳፋት፣ ማለትም ከአካሉ ጋር የሚሠራው አንግል። እዚህ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ከሚያስጨንቃችሁ በላይ የሁለቱ እኩልነት ያስጨንቃችሁ። ሁለቱም ክንፎች በጥቂቱ እኩል ቢሳሳቱ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይበራል፤ ማንም አያውቅባችሁም። አንዱ ከሌላው ከተለየ ግን ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይንከባለላል። አንድ ሜትር ተኩል በሚጠጋው የአርቪ ክንፍ ስፋት ላይ 0.1 ዲግሪ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በጥንቃቄ የሚለካ ሰው አያልፈውም።

ከዚያ የኋላውን ስፓር የሚይዘውን ቀዳዳ ትበሳላችሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ መመለሻ የሌለው ይህ ነው። ከቀዳዳው መሃል እስከ ብረቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳው ዲያሜትር ሁለት እጥፍ መቅረት አለበት፤ ከመብሳታችሁ በፊት በእርሳስ ስላችሁ አረጋግጡ። እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ከደከማችሁ ተዉት። ነገም ቀን ነው።

ጅራቱ፣ በተለይ ቀንዶቹ

አግድሙን ማረጋጊያ ከክንፉ ጋር በውሃ ልክ አመሳስሉ፤ ቁሙን በቱምቢ አቁሙ። ይህ ፈጣን ሥራ ነው። ጊዜ የሚፈልገው ኤሌቬተሩ ነው።

የአርቪ ኤሌቬተር ሁለት ቁራጭ ነው። ግራና ቀኙ መሃል ላይ፣ ወደ ታች በተዘረጉ ሁለት የብረት ቀንዶች ይገናኛሉ፤ አንዱ ፑሽሮድ ሁለቱንም ቀንዶች በአንድ ብሎን ይዞ ይገፋል። የብሎኑን ቀዳዳ የምትበሱት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ኤሌቬተር ለየብቻ ከማረጋጊያው ጋር ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጫፉ ላይ ያለው የሚዛን ክንድ ከማረጋጊያው ገጽ ጋር እኩል ሲሆን በሁለት ቀጭን ጣውላ አጣብቃችሁ በሞርሳ ያዙት።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ ቀንዶቹን ከጎን ተመልከቱ። በብዙ አውሮፕላን ላይ አንዱ ከሌላው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ቀድሞ ይቆማል። ልባችሁ አይሸበር፤ ብየዳ ነውና እንዲህ ይሆናል። ጥፋት የሚሆነው ቀንዶቹ እንዲያምሩ ብላችሁ አንዱን ኤሌቬተር ስታጣምሙ ነው። አየሩ የሚያየው ገጹን እንጂ ቀንዱን አይደለም። አንደኛውን ቀንድ ብሱ፤ ከዚያ በሁለቱ መሃል ልክ የገባ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ፣ መሰርሰሪያውን በእሱ መርታችሁ ሁለተኛውን ብሱ። ቀዳዳው በሁለቱ ቀንዶች ላይ የተለያየ ቦታ ቢያርፍ ትክክል ነው። ገጾቹ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ የፈለግነውም ይህንኑ ነው። በተቃራኒው የሠራ ሰው አንዱ ኤሌቬተር ትንሽ ወደ ላይ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ታች ሆኖ ለዘላለም ይጠማዘዝበታል፤ የሚያቃናው ፑሽሮድም የለም።

ኤለሮን፣ ፍላፕ፣ የክንፍ ጫፍ፤ በዚህ ተራ ብቻ

ስቲኩን መሃል ላይ ቆልፉት። ሁለቱን ስቲኮች በአንድ አግድም ጣውላ አያይዛችሁ፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ እኩል ርቀት ላይ በሞርሳ ያዙ። በዓይን መሃል የመሰለ ሁሉ መሃል አይደለም።

ክንፉ ውስጥ ያለው ቤልክራንክ፣ ማለትም የስቲኩን ግፊት ወደ ኤለሮኑ የሚያዞረው ክንድ፣ የራሱ መሃል አለው። ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ትንሽ መያዣ ወይም ፕላኑ ላይ የተሰጠውን ልክ ይዛችሁ በላሜራ የቆረጣችሁትን ተጠቅማችሁ እሰሩት። ከዚያ የክንፉ የመጨረሻ ሪብ ላይ ያሉትን የመሥሪያ ቀዳዳዎች መነሻ አድርጋችሁ መስመሪያችሁን እስከ ኤለሮኑ የኋላ ጠርዝ ዘርጉ። እኛ ያን ቅዳሜ ማታ ያገኘነው መስመር ይህ ነው። ኤለሮኑ እዚህ መስመር ላይ እስኪያርፍ ከቤልክራንክ ወደ ኤለሮን የሚሄደውን አጭር ፑሽሮድ ብቻ አስረዝሙ ወይም አሳጥሩ። ሁለቱም ወገን ካለቀ በኋላ፣ ከስቲክ ወደ ቤልክራንክ የሚሄደውን ረጅሙን ፑሽሮድ በተቆለፈው ስቲክ ልክ ግጠሙት። ሁለቱን ፑሽሮዶች በአንድ ጊዜ የነካ ሰው ምን እንዳስተካከለ አያውቅም።

ፍላፑ የሚስተካከለው በኤለሮኑ ነው፤ የፋይበር ግላሱ የክንፍ ጫፍም እንዲሁ። የክንፍ ጫፉ ቀድሞ ከተገጠመ በኋላ ኤለሮኑን ወደ እሱ የሚያመጡ ሠሪዎች አይቻለሁ። ጌጡ መነሻ ሆኖ ክንፉ ሲከተለው ማለት ነው።

ስንት ዲግሪ?

በአርቪ-7 ኤለሮኑ ወደ ላይ ከ25 እስከ 32፣ ወደ ታች ግን ከ15 እስከ 17 ዲግሪ ብቻ ይሄዳል። ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ከ25 እስከ 30፣ ወደ ታች ከ20 እስከ 25፤ ረደሩ በየጎኑ ከ30 እስከ 35። የኤለሮኑ ላይና ታች እኩል አለመሆን ስህተት አይምሰላችሁ። ወደ ታች የወረደ ኤለሮን ማንሳቱን ሲጨምር የአየር መጎተትንም ይጨምራል፤ አፍንጫውንም ወደዚያ ወገን፣ ከመታጠፊያው በተቃራኒ ይስበዋል። ወደ ታች የሚሄደውን ያሳነሱት ለዚህ ነው።

ዲጂታል ውሃ ልክ ከሌላችሁ በመስመሪያ ትለካላችሁ። ከማጠፊያው መሃል 286 ሚሊሜትር ርቃችሁ አንድ ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ነጥብ ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ አምስት ሚሊሜትር ቅስት ነው። ካርቶን ላይ ቅስቱን በየአምስት ሚሊሜትሩ ብታሰምሩ በዲግሪ የተከፈለ መለኪያ አላችሁ።

ማቆሚያዎቹን ስታስተካክሉ ስቲኩን ወደ አራቱ ማዕዘን ውሰዱት፤ ሙሉ ፊትና ግራ፣ ሙሉ ኋላና ቀኝ፣ ሌሎቹንም። ይህንን ባዶ አካል ላይ ብቻ አድርጋችሁ አትመኑ። መቀመጫውን አስገቡ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ጎናችሁ ሰው አስቀምጡ፣ ፍላፑን አውርዱ፣ ክረምት ከሆነ ወፍራም ካፖርት ልበሱ። ስቲክ ከጭን ጋር የሚጋጭባቸው አውሮፕላኖች ጥቂት አይደሉም፤ ያ የሚታወቀው ነፋስ ባለበት ማረፊያ ላይ ሲሆን ያስከፋል።

ማሰር

የፑሽሮዱ ጫፍ ኩሽኔታ ክሩ ውስጥ በቂ ጥልቀት መግባት አለበት፤ ቢያንስ የክሩን ዲያሜትር አንድ ተኩል እጥፍ። የመፈተኛ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ከሆነ ቀጭን ሽቦ አስገቡበት፤ ሽቦው በሌላ ወገን ካለፈ ክሩ አልደረሰም። መቆለፊያ ዳዶውን ስታጠብቁ ሁለቱ የጫፍ ኩሽኔታዎች አንድ አቅጣጫ ይዘው ይቁሙ፤ ዘንጉን በጣታችሁ ስታዞሩት ጥቂት መወዛወዝ አለበት። ጥግ ይዞ የቆመ ኩሽኔታ ይበላል። ኩሽኔታው ቢፈታ ብሎኑን ለቆ እንዳይወጣ ደግሞ በብሎኑ ራስ ወይም በዳዶው ወገን ሰፊ ሮንዴላ አግቡ። የሚያወጣው ሳንቲም ነው፤ ይህንን ሳያደርጉ የቀሩ ሰዎችን ግን አልገባኝም።

ብሎኑ በሥራ ላይ የሚዞር ከሆነ ተራ ራስ-ቆላፊ ዳዶ አይበቃም፤ ጥርስ ያለው ዳዶና ኮተር ፒን ይሁን። ባለ 3/16 ኢንች ብሎን ላይ መደበኛው ማጥበቂያ ከ20 እስከ 25 ኢንች-ፓውንድ ነው፤ ክንድ ያለው ሰው በተራ ቁልፍ በቀላሉ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ቶርክ ቁልፍ። የጠበቀውን ሁሉ ከዳዶው ወደ ብረቱ በሚሻገር የቀለም መስመር ምልክት አድርጉ። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ተጠቅሜያለሁ፤ ቀዩ ጥሩ ነው። ምልክት የሌለበት ዳዶ አልተጠበቀም ብላችሁ ቁጠሩ።

አርቪ ገመድ የሚጠቀመው ለረደር ብቻ ነው፤ ገመዱም ቀጥታ ወደ ፔዳሉ ይሄዳል። የድሮውን የፓይፐር ከብ ዓይነት ወይም ሌላ ባለ ገመድ አውሮፕላን የምትሠሩ ከሆነ ግን ተርንባክል አለባችሁ። ሁለቱንም ጫፍ እኩል አስገቡ፤ ከበርሜሉ ውጪ ከሦስት ክር በላይ አይታይ፤ ከዚያ በሽቦ ወይም በመቆለፊያ ክሊፕ ቆልፉ። ውጥረቱን በመለኪያ እንጂ በጣት አትፍረዱ፤ የቀኑን ሙቀትም አብራችሁ ጻፉ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። የአምስት ሜትር የብረት ገመድ በአልሙኒየም አካል ውስጥ ሲያልፍ የ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት የሁለቱን ርዝመት በአንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያለያየዋል። ሞቃት ቀን የጠበቀው ገመድ በበረዶ ቀን ይላላል። የብረት ቱቦ አካል ያለው አውሮፕላን ይህ ጣጣ የለበትም። ገመዱን በየጊዜው በጨርቅ ጠርጉት፤ የተበጠሰ ፈትል ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ ያደረገውን ሰው ደግሞ መዳፉን ይይዘዋል።

ቀለም ከተቀባ በኋላ ሚዛኑን ድገሙ። ቀለም ክብደት ነው፤ ከማጠፊያው ኋላ የተጨመረ ጥቂት ግራም የኋላውን ጎን ያከብደዋል። ከማጠፊያው ኋላ የከበደ ኤለሮን በፍጥነት ላይ መርገፍገፍ ሊጀምር ይችላል። ፍላተር የሚሉት ይህንን ነው፤ ጅራት ለመንቀል ሴኮንዶች ይበቁታል። በማጠፊያ፣ በፑሽሮድ ጫፍና በትሪም ታብ ላይ ያለ ልቅነትም ይህንኑ ይጋብዛል።

አቅጣጫው

ይህንን ሁሉ በሚሊሜትር ያስተካከለ ሰው ገመዱን ገልብጦ ሊሆን ይችላል። የላንካስተርን ቦምብ ጣይ የነደፉት ሮይ ቻድዊክ በኦገስት 1947 እ.ኤ.አ. የሞቱት፣ የኤለሮን ገመዱ ተገልብጦ በተገጠመ የአቭሮ ቱዶር አውሮፕላን ውስጥ ነው። የድሮ ነገር እንዳትሉት፣ በኖቬምበር 2018 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ውስጥ ጥገና ጨርሶ የተነሳ የኤር አስታና ኤምብራየር 190 ኤለሮኑ ተገልብጦ ነበር። የተሳፈሩት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አብራሪዎቹ ከብዙ ትግል በኋላ ቤጃ በተባለ የጦር ሠፈር አሳረፉት። ከመነሳታቸው በፊት የተደረገው ፍተሻ ግልብጡን አላየውም። እነዚያ ባለሙያዎች ናቸው።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ስቲኩን ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት። ስቲኩን ወደ ግራ ስታጋድሉት አውራ ጣቱ ወደ ግራ ያመለክታል፤ የሚያመለክተው ኤለሮን ከፍ ማለት አለበት። ወደ ቀኝም እንዲሁ። ስቲክ ወደ ኋላ፣ ኤሌቬተር ወደ ላይ። የቀኝ ፔዳል፣ ረደሩ ወደ ቀኝ። ትሪሙ ደግሞ ዓይን ያታልላል፤ አፍንጫ ወደ ላይ ሲባል ታቡ የሚሄደው ወደ ታች ነው። “ይንቀሳቀሳል” ብላችሁ አትለፉ፤ “ወደ ላይ ሄደ” በሉ፣ በቃል አውጡት።

ይህንን ፍተሻ አውሮፕላኑን ያልሠራ ሰው ይድገመው። ሠሪው የሚያየው መሆን አለበት ያለውን ነው፤ በአየር መንገድ ጥገና ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት መሪ ክፍል ያሰረ ሰው ብቻውን የፈረመበት ወረቀት አይቆጠርም ነበር። አሜሪካ ላላችሁ፣ በኦሽኮሽ የሚገኘው የቤት ሠሪዎች ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ ጋራዥ ድረስ መጥተው በነፃ የሚያዩ ፈቃደኛ አማካሪዎች አሉት። ጥሩ ቡና አፍሉላቸው፤ ሥራችሁን እንዲያደንቁ ሳይሆን እንዲጠረጥሩ ጠይቋቸው።

ከበረረች በኋላ

በአሜሪካ ሕግ አዲስ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 40 ሰዓታት በተወሰነ ክልል ይበርራል፤ ሞተሩና ፕሮፔለሩ የተመሰከረላቸው ጥንድ ከሆኑ 25 ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ ቀሪውን ማስተካከያ የምትጨርሱበት ነው። በአንድ በረራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትን ዙር ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ።

አንድ ክንፍ ከከበደ መጀመሪያ ነዳጁን እዩ። በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ያለው እኩል ካልሆነ ምንም አትንኩ። እኩል ከሆነ ወደ መስመሪያው ተመለሱ፤ ፍላፑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ በቀላሉ ወገን ወደ ታች ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የወረደው ፍላፕ ያለበት ክንፍ ይነሳል፤ ሌላው የከበደ ይመስላል።

የተንሸራታች መለኪያዋ ኳስ በጉዞ ፍጥነት ወደ ቀኝ ከሸሸች የቀኝ ፔዳል እየጠየቃችሁ ነው። ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ቅረጹና በረደሩ የኋላ ጠርዝ በቀኝ ገጽ ላይ ሳይሆን በግራው ገጽ በጠንካራ ቴፕ ለጥፉ፤ ወፍራም ጎኑ ወደ ኋላ ይሁን። አየሩ ሽብልቁን ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ረደሩም ይከተላል። ኳሷ መሃል እስክትገባ በየበረራው ጥቂት ጥቂት አሳጥሩት፤ ከዚያ በአልሙኒየም ታብ ተኩት። በቁልቁል ወይም በአቀበት ስትበሩ እንደገና ከመሃል ትወጣለች። እሱን አታስተካክሉት፤ ለዚያ እግር አላችሁ።